የጋሽ ዘርጋ ስፌት

ጋሽ ዘርጋ ማረፋቸውን የሰማሁ ዕለት መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ሳይክሌን አስደግፌ ውሃ ስጠጣ፣ እንደ እኔው መድኃኒት የሚያመላልሰው ተመስገን አጠገቤ ቆመና «ያ ቦርሳ የሚሰፉልን ሽማግሌ አርፈዋል አሉ፤ ትናንት ተቀበሩ» አለኝ።

«ጋሽ ዘርጋ?»

«አዎ። ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተው ነበር። ድንኳኑ እዚያ ነው።»

በአፌ የያዝኩትን ውሃ ዋጥኩና፣ «እንግዲህ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም» ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደነገጥኩ። ያስደነገጠኝ ግን የሰውዬው ሞት ሳይሆን የራሴ ሐሳብ ነበር።

ጋሽ ዘርጋ ከልደታ ወደ ሰንጋ ተራ በሚያወጣው የውስጥ መንገድ፣ ከአንድ የቀበሌ ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይሠሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፉት የድንኳን ሸራ፣ የጭነት መኪና ልባስና የታክሲ ወንበር ነው። በኋላ መንገዱ ሲሰፋና የሳይክል መስመር ሲሠራ፣ በሳይክል ዕቃ የምናደርስ ወጣቶች በዛን። አንዱ የተቀደደ ቦርሳ ይዞላቸው ሄደ። ሲጠግኑለት ሁለት ኪስ ጨመሩበት። በወሩ በረንዳቸው ሥር ሳይክል ማቆሚያ ጠፋ።

እኔ የሄድኩት ተመስገን ወስዶኝ ነው። የምንሠራበት መድኃኒት ቤት ከሳይክሉ ኋላ ጎማ በግራና በቀኝ የሚንጠለጠል ትልቅ ቦርሳ ሰጥቶን ነበር። ቦርሳው አፉ አንድ፣ ሆዱ አንድ ነው። መድኃኒቱም፣ ደረሰኙም፣ የዝናብ ልብሱም እዚያው ይደባለቃል። አንድ ብልቃጥ ለማውጣት ደንበኛው በር ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም መሬት ላይ መዘርገፍ ነበረብኝ።

«ምን ትይዛለህ?» አሉኝ ጋሽ ዘርጋ፣ ከመኪናው ላይ ቀና ሳይሉ።

«መድኃኒት።»

«እሱንማ ነገሩኝ። ሌላስ?»

«የዝናብ ልብስ፣ ስልክ፣ ቁልፍ...»

«ምሳህንስ የት ነው የምትይዘው?»

ቦርሳውን አየሁ። ገባቸውና ከት ብለው ሳቁ። «ፍርፍር ከመድኃኒት ጋር! በል ና፣ ቁም። ሳይክሉ ላይ እንዳለህ ሁን። ዓይንህን ጨፍን።»

ጨፈንኩ።

«ዝናብ ጀመረ። የዝናብ ልብስህን አውጣ።»

ግራ እጄ ወደ ኋላ ሄደ።

«ስልክ ጠራ።»

ቀኝ እጄ ሄደ። እጄ የሄደበትን ቦታ ሁሉ በሳሙና ቁራጭ ቦርሳው ላይ ምልክት አደረጉበት። ሲጨርሱ፣ «ሰው ኪሱን በዓይኑ አይፈልግም፤ በእጁ ነው የሚፈልገው። እጅህ ደክሞህም ሳለ የሚሄድበት ቦታ ነው ኪስ የሚሰፋው» አሉኝ። ከዚያ መርፌና ክር አቀበሉኝና «አስገባልኝ፤ የእናንተ ዓይን ገና አዲስ ነው» አሉ። ለሁላችንም እንዲህ ይሉን ነበር። እኛም ከጨዋታቸው አንዱ አድርገን ነበር የምናየው።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ቦርሳዬ ሌላ ቦርሳ ሆኖ ጠበቀኝ። ከታች፣ ውሃው እንዲንጠባጠብ ሦስት ትናንሽ ቀዳዳ ያለው የዝናብ ልብስ ኪስ። ከውጭ፣ ደረሰኝ ሳይታጠፍ የሚገባበት ሰፊ ኪስ። በቀኝ የስልክ፣ በግራ በላስቲክ የተሸፈነና ከሌላው ሁሉ የተለየ የምሳ ኪስ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ከቦርሳው ውስጥ፣ ወደ ሳይክሉ መቀመጫ በሚጠጋው በኩል የሰፉት ጠባብ ኪስ ነበር። ውስጡ ስፖንጅ አለው፤ ዚፕ አለው፤ በዚፑ ላይ ደግሞ በዘለበት የሚታሰር ክዳን አለው።

«ይሄ ለከባዱ ነው» አሉኝ።

«ለከባዱ?»

«ሚዛን ላይ የሚከብደውን ማለቴ አይደለም። ቢጠፋ የሰው ቤት ለቅሶ ቤት የሚሆንበትን ነው። ሌላ ነገር እንዳታስገባበት። እሺ?»

«እሺ ጋሼ።»

ሥራቸውን አይተው የማይጠግቡ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ግራ እጃቸውን ማሽን የጎዳቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አቶ በቀለ የሚባሉ፣ የመሣሪያ ቦርሳ አሰፉ። ጋሽ ዘርጋ ቦርሳውን ሰፍተው ከጨረሱ በኋላ የራሳቸውን ግራ እጅ ከጀርባቸው አጥፈው በቀኛቸው ብቻ ዚፖቹን ይሞክሩ ጀመር። አንዱ ዚፕ ያዝ አደረጋቸው። አቶ በቀለ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ለምጄዋለሁ፤ በጥርሴ እይዘዋለሁ» አሏቸው። ጋሽ ዘርጋ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ተረተሩት። ሦስት ጊዜ ሰፍተው ሦስት ጊዜ ተረተሩት። በመጨረሻ የዚፑን አቅጣጫ ገልብጠው ሰፉና «ጥርስህን ለምሳህ» ብለው ሰጧቸው።

ያልወደዱትን ስፌት «ይሄ ከእኔ እጅ አይወጣም» ነበር የሚሉት። የጨረሱትን ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሱታል። አውራ ጣታቸው ሳይቆም መጨረሻው ከደረሰ ፈገግ ይላሉ። በዚያ በረንዳ ላይ ያንን ፈገግታ ለማየት ብቻ ቆሜ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሲስተር ዓለም ትባላለች። ቀድሞ ነርስ የነበረች፣ ለበሽተኛ የምትንሰፈሰፍ ሴት ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ትንሽ ካርቶን በእጄ ሰጠችኝ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለምትኖር የሚጥል በሽታ ላለባት ልጅ የተፈለገ መድኃኒት ነው። ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል።

«ልጅቷ የያዘችው ዛሬ ጠዋት አልቋል። እናቷ በር ላይ ነው የምትጠብቅህ። የትም እንዳትቆም» አለችኝ።

ካርቶኑን በጠባቡ ኪስ ውስጥ አስገባሁት። ኪሱ ውስጥ የስልኬ ማዳመጫም ነበር። ስፖንጁ ስለሚመቸው ከጊዜ በኋላ እዚያ ማስቀመጥ ለምጄ ነበር።

ሜክሲኮ ስደርስ የሰፈሬ ልጆች ጆተኒ ይጫወታሉ። ጠሩኝ። «አንድ ጨዋታ ብቻ» አልኩ። ከመግባቴ በፊት ማዳመጫዬን ከኪሱ አወጣሁ። አንድ ጨዋታ አሸነፍኩ፤ ሁለተኛም አሸነፍኩ፤ በሦስተኛው ሰው ከብቦ እያጨበጨበልኝ ነበር። ስመለስ ሳይክሉ አለ፤ ቦርሳውም አለ። ጠባቡ ኪስ ግን ክዳኑ ወደ ኋላ ተገልብጦ፣ ዚፑ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር። ካርቶኑ የለም።

ይሰረቅ፣ ወድቆ ይነሳ፣ እስካሁን አላውቅም። ጆተኒ ቤቱን ጠየቅኩ፤ ሊስትሮዎቹን ጠየቅኩ፤ የመጣሁበትን መንገድ በእግሬ ተመልሼ ጠርዝ ጠርዙን ፈለግኩ። ሲስተር ዓለም ስልክ ስትደውል አላነሳሁም። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ከዚያም በላይ «ቆሜ ጆተኒ ስጫወት ነበር» የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም።

አንድ ግንባታ ያለበት አጥር ጥግ ገባሁ። ካርቶን የምከፍትበት ምላጭ ነበረኝ። የኪሱን የታች ስፌት ልቆርጥ ጀመርኩ። አልሆነልኝም። ጋሽ ዘርጋ ያንን ኪስ ሁለት ጊዜ ደርበው ነበር የሰፉት፤ አንዱን ክር ስቆርጥ ሌላው ይዞ ይቀራል። አራት ጣት የሚያህል ከፈትኩ። የተቆረጠ እንዳይመስል የክሩን ጫፍ ሁሉ በጥፍሬ እየመነጨርኩ አሻከርኩት። በራሱ ያለቀ፣ በራሱ የለቀቀ እንዲመስል። ያንን ስሠራ ያሳየሁት ጥንቃቄ መድኃኒቱን ስይዝ ቢኖረኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

«ሲስተር፣ ስፌቱ ለቅቆ ነው» አልኳት።

በማግስቱ የልጅቷ እናት ደወለች። ልጅቷ ማታ ጥሏት ወድቃ የፊት ጥርሷ ተሰብሯል። ሲስተር ዓለም ሌላ ቦታ ለምና ጥቂት ፍሬ አግኝታ ላከችላት። ከዚያ ቦርሳዬን አንጠልጥላ «ተነስ፣ ሰፊው ጋ ውሰደኝ» አለችኝ።

በረንዳው ላይ ሁለት ሳይክለኞችና አቶ በቀለ ተቀምጠዋል። ሲስተር ዓለም ሰላምታም አላቀረበችም።

«ይህን ይመልከቱልኝ» አለቻቸው፣ ቦርሳውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጣ። «የሰው መድኃኒት ነው የወደቀበት። አንዲት ልጅ በዚህ ምክንያት ወድቃ ጥርሷ ተሰብሯል። ብትሞትስ ኖሮ? በማን ይፈረድ ነበር?»

ጋሽ ዘርጋ መነጽራቸውን አወለቁ። ቦርሳውን ፊታቸው ድረስ አስጠጉት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ስፌቱ ላይ አስኬዱ። የቆረጥኩት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ተመልሰው ከመጀመሪያው ዳሰሱት፤ እንደገና ቆመ። ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ የጫማዬን ጫፍ ነበር የማየው።

«መቼ ነበር የሰፋሁልህ?»

«አምስት ወር ይሆነዋል።»

«የሚከብድ ነገር ከተህበት ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

አቶ በቀለ ብድግ አሉ። «የእርስዎ ስፌት እንዲህ አይለቅም! እስቲ ያምጡት፣ እኔ ልየው።»

ጋሽ ዘርጋ ግን ቦርሳውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

«ተው በቀለ። ክር ነው፤ ይለቃል።» ከዚያ ወደ ሲስተር ዓለም ዞሩ። «ልጅቷ አሁን እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። እግዜር አተረፋት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። እዚያው ቦርሳዬን ሰፉልኝ። ክሩን በመርፌው ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ። እንዴት እንዳስገባሁት አላውቅም።

ወሬው ተሰማ። ሲስተር ዓለም ሌሎቹን ልጆች ወደ እሳቸው እንዳይሄዱ ከለከለቻቸው። ምክንያቱን የጠየቀ ሁሉ «የሽማግሌው ስፌት ይለቃል» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ሳይክሎቹ ከበረንዳው ሥር አንድ በአንድ ጠፉ። ትንሽ ቆይቶ መኪናቸው በሸራ ተሸፍኖ አየሁት። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ማለፍ ተውኩ፤ በሌላ በኩል እየዞርኩ እሄድ ጀመር።

ታዲያ እንዴት ኖርኩ? አንድ ነገር ለራሴ ነግሬ ነው የኖርኩት። «አውቀዋል» አልኩ። ምላጩ የቆረጠውን አይተው፣ እንጀራዬን እንዳላጣ ብለው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ወስደው፣ ይቅር ብለውኛል አልኩ። አቶ በቀለ እንዳያዩት ቦርሳውን ወደ ደረታቸው የሳቡት ለዚህ ነው አልኩ። እያደር ይህን በሚገባ አመንኩት። እንዲያውም አንዳንዴ፣ በዓለም ላይ የእኔን ጉድ አውቆ ዝም ያለልኝ አንድ ትልቅ ሰው አለ ብዬ እጽናና ነበር። በእሳቸው ደግነት የራሴን ክፋት ሸፈንኩበት።

ከዓመት በኋላ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አገኘኋቸው። ከዘራ ይዘው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ሳላስበው «ጋሽ ዘርጋ፣ ደህና ዋሉ?» አልኩ፤ ወዲያውም ባልተናገርኩ አልኩ። በድምፄ በኩል ዞሩ።

«የመድኃኒቱ ልጅ ነህ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች? ጥርሷ ተተካላት?»

«ተተካላት። ትምህርቷንም ጀምራለች።»

«ጎሽ። ጎሽ» አሉና እጄን ይዘው ቆዩ። ሌላ ነገር ሊሉ እንደፈለጉ አስታውሳለሁ። ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ነበር። እኔ ግን ይነግሩኛል ብዬ ፈራሁ። «ዕቃ ይጠብቀኛል ጋሼ» ብዬ እጄን ከእጃቸው አወጣሁና ሳይክሌ ላይ ወጣሁ። የሚጠብቀኝ ምንም ዕቃ አልነበረም።

ከዚያ ቤቶቹ ፈረሱ፤ እሳቸውም ሄዱ።

ተመስገን ሞታቸውን በነገረኝ ማግስት ለቅሶ ቤት ሄድኩ። በሁለት ታክሲ ነው የሚደረሰው። ድንኳኑ በሕንፃዎቹ መካከል ተተክሏል። ወንበር አግኝቼ ተቀመጥኩ። ጥቁር የለበሰች፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ውሃ ይዛ መጣችና «ከየት ነህ?» አለችኝ። ልጃቸው ሰናይት ነበረች።

«ከልደታ ነኝ። ቦርሳ ይሰፉልን ነበር። በሳይክል መድኃኒት የምናመላልስ ነን።»

የያዘችውን ውሃ አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። «ከመድኃኒቱ ቤት? ያ የወደቀው መድኃኒት... የእናንተ ቤት ነበር?»

«የእኛ ነበር።»

«አባዬ የሞተው አሁን አይደለም» አለች። «ያኔ ነው። ዓይኑን ሞራ ጋርዶት እንደነበር ታውቁ ነበር? ለማንም አልተናገረም። እኛም ያወቅነው በኋላ ነው። በእጁ እየዳሰሰ ነበር የሚሰፋው። ያን ቀን ቤት ገብቶ አልጋ ላይ ቁጭ አለ። ‹ሰናይት፣ ዓይኔ ቢከዳኝ እጄ አይከዳኝም ብዬ ነበር። እጄም ከዳኝ› አለኝ። ክሩ ለምን እንደለቀቀ ማየት አልቻለም። በጣቱ ሲነካው ያለቀ ክር ሆኖበታል። ከዚያ ወዲያ መኪናውን አልነካም። እናቴ ትራስ ስፋልኝ ስትለው እንኳን ‹የሰው ልጅ ልገድል ነበር› ይላት ነበር።»

«አላወቁም?» አልኩ።

«ምኑን?»

ለዓመታት የተደገፍኩበት ነገር በአንድ ጊዜ ከሥሬ ሄደ። አላወቁም ነበር። ይቅርም አላሉኝም፤ ይቅር የሚሉት ነገር እንዳለ እንኳ አልነገርኳቸውም። እኔ በእሳቸው ይቅርታ ስጽናና እሳቸው በእኔ ውሸት እጃቸውን ጠልተው ኖሩ። ተክለ ሃይማኖት አጥር ሥር እጄን ይዘው ሊሉኝ የፈለጉት «ይቅር በለኝ» ሳይሆን አይቀርም።

ለሰናይት ነገርኳት። ጆተኒውን፣ ማዳመጫውን፣ ምላጩን፣ ክሩን በጥፍሬ መመንጨሬን፣ ሁሉንም። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። እጇን አየችና ተነሳች።

«ና» አለችኝ። «ለእናቴ አንተ ነህ የምትነግራት። እኔ አልነግርልህም።»

እናቷ እትዬ አስካለ ከድንኳኑ ጥግ፣ ፍራሽ ላይ፣ በሴቶች መካከል ተቀምጠዋል። ፊታቸው ተንበረከክሁ።

«እትዬ፣ ያ ቦርሳ... ያ የለቀቀው ቦርሳ የእኔ ነው። በምላጭ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አልከኝ ልጄ?» አልሰሙኝም። ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ።

ጮክ ብዬ መድገም ነበረብኝ። በዙሪያችን የነበረው ወሬ ቆመ። «ኪሱን ሳልዘጋ ትቼው ሄጄ መድኃኒቱን የጣልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እንዳልቀጣ ብዬ ስፌቱን ቆረጥኩት። ጋሽ ዘርጋ ምንም አላጠፉም።»

እትዬ አስካለ ዓይኔን አዩ። እስኪገባቸው ድረስ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ስፌቱ ደህና ነበር?» አሉኝ።

«ደህና ነበር እትዬ። በምላጭ እንኳ እንቢ ብሎኝ ነበር።»

ከእኔ ላይ ዓይናቸውን አነሱ። በአጠገባቸው ያሉትን ሴቶች በየተራ አዩና፣ «ሰማችሁ? ደህና ነበር። ስፌቱ ደህና ነበር እኮ!» አሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ በረድ ብሎ የነበረውን ለቅሶ እንደ አዲስ ጀመሩት። «ዘርጋዬ፣ ስፌትህ ደህና ነበር! ዘርጋዬ፣ ስፌትህ ደህና ነበር!» ሴቶቹ ተቀበሏቸው።

ለእኔ አንድም ቃል አልተናገሩም።